ርካሹ ስልክ የትኛው ነው?

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት የሞባይል መደብሮች በአንዱ በ45 ሺህ ብር ሁለት ስልኮች ቀረቡልዎ እንበል። አንደኛው ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ዘንድሮ የወጣ፣ ከኩባንያው ምርቶች ግን ዝቅተኛው እርከን ላይ ያለ ነው። ሁለተኛው ከሁለት ዓመት በፊት የአምራቹ ቁንጮ የነበረ፣ ውጭ አገር ሰው ሲገለገልበት ቆይቶ የመጣ፣ ሻጮቹ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚሉት ነው። እኛ የኤሌክትሮኒክስ ፍቅር ያለን ሰዎች ስለ ካሜራውና ስለ ስክሪኑ ስንከራከር ማምሸት እንችላለን። ከኪሱ የሚከፍለው ሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ የትኛው ይረክሳል?

መልሱን ሻጩ ከጠራው ዋጋ ብቻ ማግኘት አይቻልም። ስልክ ረከሰ ወይም ተወደደ የሚባለው ለአንድ ዓመት አገልግሎት በሚያስወጣው ብር ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማስላት ደግሞ አስቀድሞ ዋጋው ከምን ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲወስን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ወጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ 120 ብርን አለፈ። በመንግሥት ተመን ብቻ ለሚያስብ ሰው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በእጥፍ መጨመር ነበረበት። አብዛኛው ግን በእጥፍ አልጨመረም። ምክንያቱም የስልክ ነጋዴው ከዚያ በፊትም ዶላር በ57 ብር የማግኘት ዕድሉ የመነመነ ነበር። ዕቃውን የሚያመጣው በትይዩው ገበያ፣ 115 ብርና ከዚያ በላይ እየከፈለ ነበር። የመደብሩ ዋጋ የተንጠለጠለው በዚህኛው ተመን ላይ ነው።

ታዲያ ጭማሪው ከየት መጣ? ብዙ ሰው የማያየው ጉምሩክ ላይ ያለውን ነው። የጉምሩክ ቀረጥና ታክስ የሚሰላው በባንክ ተመን ስለሆነ፣ ያ ተመን 57 በነበረ ጊዜ ነጋዴው ዶላሩን በ115 ገዝቶ ቀረጡን በ57 ይከፍል ነበር። ተመኑ ሲለቀቅ ይህ ልዩነት ጠፋ።

በቁጥር እንየው። ታክሱ ተደራራቢ ነው፤ ለምሳሌ ያህል የጉምሩክ ቀረጡን 10 በመቶ ብለን እንያዝ። ወደብና ትራንስፖርቱን ጨምሮ 100 ብር የሚያወጣ ዕቃ ከቀረጡ ጋር 110 ይሆናል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 126 ብር ከ50 ይደርሳል። 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ የሚሰላው በመነሻው 100 ላይ ሳይሆን በዚህ በተጠራቀመው ላይ ነው፤ 139 ብር ከ15 ሳንቲም ይሆናል። 3 በመቶው የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ ሲጨመር 142 ብር አካባቢ እንደርሳለን። ከትርፍ ግብር ላይ የሚታሰበውን ቅድመ ግብር አላስገባሁም።

አሁን 200 ዶላር የሚያወጣ ስልክ እንውሰድ። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላሩን በ115 ብር የገዛ ነጋዴ ለዕቃው 23 ሺህ ብር፣ በ57 ብር ተመን ለተሰላው ታክስ ደግሞ 4,800 ብር ገደማ ያወጣል፤ በድምሩ 27,800። ሁለቱም ተመኖች 125 ብር ላይ ሲገናኙ ዕቃው 25 ሺህ፣ ታክሱ 10,500፣ ድምሩ 35,500 ይሆናል። ከጨመረው 7,700 ብር ውስጥ ዶላሩ ያመጣው 2,000 ብር ብቻ ነው። 5,700ው ታክስ ነው።

ሌላው ገዢን የሚያናድደው ነገር፣ ነጋዴው ቀደም ብሎ በርካሽ ያስገባውን ዕቃ ዶላር ጨመረ በተባለ ማግስት በአዲስ ዋጋ መሸጡ ነው። ስግብግብነት ነው ይባላል። አንዳንዱ ዘንድ ይሆናል፤ ነገር ግን በድሮው ዋጋ አሥር ስልክ የሸጠ ሰው በአዲሱ ዶላር ስምንት ብቻ መልሶ የሚገዛ ከሆነ ሱቁ ከስሯል። የሚሸጠው በሚተካበት ዋጋ ነው። ዶላር ሲረጋ ዋጋው ቶሎ የማይወርደውም ነጋዴው መረጋጋቱን እስኪያምን ድረስ ስለሚጠብቅ ነው።

ይኸው ስሌት ያገለገለ ስልክ ባለቤትንም ያታልላል። ከምንዛሪው ለውጥ በፊት በ60 ሺህ ብር ገዝቶ ሁለት ዓመት ተጠቅሞበት በ65 ሺህ የሸጠ ሰው አተረፍኩ ይላል። በ115 ብር ተመን የከፈለው 520 ዶላር ያህል ነበር፤ በ150 ብር ሲመነዘር የተቀበለው 433 ዶላር ነው። ስልኩ እንደማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ አርጅቷል፤ የብሩ መርከስ እርጅናውን ሸፍኖት ነው እንጂ። ስልክን እንደ ወርቅ ገዝተው የሚያስቀምጡ ሰዎችም ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው፤ ወርቅ የሶፍትዌር ዕድሜ የለውም።

ወደ ቅናሹ እንምጣ። ቦሌ፣ መገናኛ ወይም ገርጂ ውስጥ አንድ ዓይነት ስልክ በብዙ ሺህ ብር ልዩነት ሲጠራ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች ይመጣል፦ ከኪራይ፣ ካልተከፈለ ታክስና ካልተነገረ ጉድለት። ኪራዩ ግልጽ ነው። አፍሪካ ጎዳና ላይ ባለ ሕንፃ ምድር ቤት የተከራየ ሱቅ ከመርካቶው ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም፤ ገዢው የሚከፍለው ነገ ተመልሶ ለሚያገኘው አድራሻ ነው።

ታክሱ ይበልጥ ስውር ነው። ከላይ ያየነው የታክስ ጭማሪ ከዱባይ በሻንጣ ስልክ ለሚያስገባው ሰው የትርፍ በር ከፍቶለታል፤ በሕጋዊ መንገድ የሚያስገባው ተወዳዳሪው 10,500 ብር ሲከፍል እሱ ምንም አይከፍልም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የቀፎ ምዝገባ ሥርዓት ሲዘረጋ ከታሰቡት ነገሮች አንዱ ይህንኑ የኮንትሮባንድ መንገድ መዝጋትና አገር ውስጥ የሚገጣጥሙትን መጠበቅ ነበር። ገዢው ቢያንስ *#06# ደውሎ የሚወጣውን የአይኤምኢአይ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያይ። ሁለቱ ካልገጠሙ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ስልኩን መልሶ መሄድ ነው።

ከዚያ ደግሞ የደረሰኝ ጉዳይ አለ። ዋጋ ተስማምታችሁ ሻጩ ካልኩሌተሩን ያነሳል። 46,000 ይጽፋል፤ ያሳይዎታል፤ ያጠፋውና 40,000 ይጽፋል። «ይሄ ያለ ደረሰኝ ነው» ይላል። ልዩነቱ ልክ 15 በመቶ ነው፤ በዚያች ደቂቃ 6,000 ብር ያተረፉ ይመስልዎታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህን መብት የሚያስከብረው ያ ደረሰኝ ነው። ስለዚህ 6,000 ብሩ ቅናሽ አይደለም፤ መብትዎን የሸጡበት ዋጋ ነው። መንግሥትም ሊሰበስበው የሚገባውን ያጣል። ለአንድ ቻርጀር ልዩነቱ ኢምንት ሊሆን ይችላል፤ የወራት ደመወዝ ለሚበላ ስልክ ግን ያለ ደረሰኝ መግዛትን በምንም መንገድ አልመክርም።

አሁን ወደ ሁለቱ ስልኮች እንመለስ። የሶፍትዌር ዕድሜ ለኛ ገዢ እንደ ቅንጦት ሲቆጠር አያለሁ፤ በጣም ያሳስበኛል። ቴሌብር ከተጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል፤ የባንኮቹም መተግበሪያዎች እዚያው ናቸው። የደኅንነት ማሻሻያ የቆመበት ስልክ መቆለፊያው የላላ ካዝና ነው። አምራቾቹ በዚህ ረገድ እጅግ ይለያያሉ። ጎግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የወጣው ኤስ24 እስከ 2031 ድረስ ይታደሳል ማለት ነው። ከርካሾቹ መካከል ደግሞ ልቤን ያስደሰተው ጋላክሲ ኤ16 ነው፤ በዝቅተኛ ዋጋ የ6 ዓመት ቃል ይዞ ወጣ። በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጡት ብዙዎቹ የዚህን ግማሽ እንኳ አይሰጡም።

ስለዚህ በ45 ሺህ ብር የቀረበው አዲሱ ስልክ 3 ዓመት አገልግሎ በ9 ሺህ ቢሸጥ በዓመት 12 ሺህ ብር በላ ማለት ነው። ያገለገለው ቁንጮ 5 ሺህ ብር ባትሪ ቢቀየርለት፣ 4 ዓመት ቢያገለግልና በ18 ሺህ ቢሸጥ ለዓመት 8 ሺህ ብር ይሆናል። ቁጥሮቹ የኔ ግምት ናቸው፤ ስሌቱን ግን ማንም በራሱ ስልክ ሊሞክረው ይችላል። ካርቶኑ አለመከፈቱ ብቻውን በዓመት 4 ሺህ ብር አያወጣም።

ይህ የሚሠራው ግን ያገለገለው ስልክ ንጹሕ ከሆነ ነው፤ ሦስተኛው የቅናሽ ምንጭ፣ ያልተነገረው ጉድለት፣ እዚህ ላይ ይመጣል። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ድረስ ይግቡ። ከአይፎን 12 ወዲህ ባሉት ስክሪን ወይም ባትሪ ተቀይሮ እንደሆነ፣ የተቀየረውም ኦሪጅናል መሆን አለመሆኑን እዚያው ይናገራል። የባትሪ ጤንነት ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የባትሪ ዋጋ ከጥሪው ላይ ይቀነስ። አፕል ራሱ ባትሪው 80 በመቶ እስኪደርስ እስከ አይፎን 14 ላሉት 500 ሙሉ ቻርጅ፣ ከ15 ጀምሮ ላሉት 1,000 ያህል ነው የሚጠብቀው። የቀድሞው ባለቤት የአይክላውድ አካውንት ካልወጣ ደግሞ ስልኩ ዕቃ እንጂ ስልክ አይደለም። ከአሜሪካ የመጣ አይፎን 14ና ከዚያ በላይ የሲም ማስገቢያ የለውም፤ ጎኑን ዳብሶ ማረጋገጥ ነው። ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ሲደወል የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን እየከፈቱ ስክሪኑን ጥግ እስከ ጥግ ማየት ነው። የተቃጠለ ስክሪን የድሮ ምስል ጥላ ያሳያል። ሐቀኛ ሻጭ በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም ራሱ ከፍቶ የሚያሳይ አለ።

ያልተነገረ ጉድለት በስልክ ብቻ አያበቃም፤ ዲያስፖራው ክረምት ላይ ይዞት የሚመጣው የወጥ ቤት ዕቃም በቴሌግራም በግማሽ ዋጋ ሲወጣ ይታያል። ጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ያንብቡ። «100–240» የሚል ከሆነ ችግር የለውም። «120» ብቻ ከሆነ የኛው 220 ቮልት ያቃጥለዋል፤ መቀየሪያ ትራንስፎርመር ቢገዛለትም ሞተር ያለው ዕቃ ለ60 ኸርዝ የተሠራ በመሆኑ በኛ 50 ኸርዝ ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል።

የሚቀጥሉት ወራት ምን ይዘው ይመጣሉ? ዶላሩ ቢረጋ እንኳ ስልክ ይረክሳል ብዬ አልጠብቅም። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት የመረጃ ማዕከላት የሚሞሪ ችፕ እየጠጡት ነው። ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ምርታቸውን የተሻለ ወደሚከፍለው ደንበኛ አዙረዋል፤ ማይክሮንማ ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ «ክሩሻል» በሚለው ስም ለተራ ተጠቃሚ ከሚሸጥበት ገበያ እንደሚወጣ አስታውቋል። ከአንድ ስልክ ወጪ ውስጥ የሚሞሪው ድርሻ ጎልቶ የሚታየው በርካሾቹ ላይ ስለሆነ ዱላው የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ዋጋው ሳይጨምር የሚሞሪው መጠን ሊቀንስም ይችላል፤ ስለዚህ የስልኩን ስም ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ያለውን የጊጋባይት ቁጥር ከአምናው ጋር ማስተያየት ይገባል።

አገር ውስጥ መገጣጠሙም ከዚህ አያድንም። የቴክኖ እናት ኩባንያ ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚህ ይገጣጥማል፤ ጎሮ ባለው አይሲቲ ፓርክ ውስጥም ፋብሪካ አለው። ለመገጣጠም የሚገቡ ክፍሎች ካለቀለት ስልክ ያነሰ ቀረጥ ይከፍላሉ፤ ለወጣቶቹም ሥራ ነው። ችፑ፣ ስክሪኑና ባትሪው ግን የሚገዙት በዶላር ነው።

መንግሥት እጁ ላይ ያለው ታክሱ ነው። ፋይዳ መታወቂያውም፣ ክፍያውም፣ ብድሩም በስልክ ይሁን እየተባለ፣ በተከማቸ ታክስ ላይ ሌላ 10 በመቶ የሚጭን ሱር ታክስ በርካሽ ስልክ ላይ መቀጠሉ አይገባኝም። ዋጋው ከ100 ዶላር በማይበልጥ ስልክ ላይ ቢነሳ፣ በላይኛው ስሌትና በ150 ብር ተመን ለአንድ ስልክ እስከ 1,900 ብር ገደማ ይቀንሳል። ግምጃ ቤቱ የሚያጣው ይኖራል፤ ነገር ግን በሻንጣ ከሚገባው ስልክ ዛሬም የሚያገኘው ነገር የለም፤ 1,900 ብሩ ለሻንጣው ነጋዴ የሚተርፈውን ያጠብበታል።