ከዋንዛ በኋላ

ወልድያ ላይ ቁም ሳጥን ላሠራ ያለ ሰው ሐሳቡ መጀመሪያ ዋንዛ ላይ ያርፋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ግን ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። የአናጺውና የደንበኛው ክርክርም ወደ ፋብሪካ ሰሌዳ ዞሯል፦ ችፑድ፣ ኤምዲኤፍ ወይስ ኮምፔርሳቶ?

ሦስቱም እንጨትና ሙጫ ናቸው። የሚለያያቸው እንጨቱ ምን ያህል ደቀቀ የሚለው ነው።

ችፑድ ስብርባሪ እንጨት ከሙጫ ጋር ተለውሶ፣ በሙቀትና በግፊት ተጠቅጥቆ የሚወጣ ነው። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንጨት ሲያጥራቸው በፋብሪካ ማምረት ጀመሩ። ከወልድያ በቆቦና በአላማጣ በኩል ሽቅብ ሲወጣ ማይጨው ላይ የተተከለው ፋብሪካም የተመሠረተው በባሕር ዛፍ ላይ ነው፤ ያው ሰሜን ወሎ ለአጠናና ለማገር የሚቆርጠው ዛፍ ማለት ነው።

ችፑድ ዋጋው ይቀላል፤ ጠርዙ ግን ደካማ ነው። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ሲዘጋ መጀመሪያ የሚላላው የላይኛው ማጠፊያ ነው። ብሎኑ የነከሰው ቀዳዳ ይፈረፈርና ዱቄቱ ይረግፋል፤ መልሶ ማጥበቅ አይረዳም። አናጺው ወይ ቦታ ቀይሮ ይበሳል፣ ወይ ቀዳዳውን በእንጨት ስንጥርና በኮላ ደፍኖ እንደገና ያስራል።

ኤምዲኤፍ የተሠራው ከእንጨት ቃጫ ስለሆነ ልሙጥ ነው። ለቀለምና ለቅርጽ የሚስተካከለው የለም። ግን ይከብዳል፤ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሲቆረጥ የሚበነው አቧራ ጭንብል ያስፈልገዋል። በሙጫው ውስጥ የሚገኘውን ፎርማልዲሃይድ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ኮምፔርሳቶ ስስ የእንጨት ልጣጮች አንዱ ባንዱ ላይ እየተጣሉ፣ ጭረታቸው እየተሻገረ የሚጣበቅበት ነው። ብሎን ይይዛል፣ ሸክም ይችላል። በጥቁር ፊልም የተሸፈነው ዓይነት የአርማታ እርጥበት ተቋቁሞ ደጋግሞ ለቅርጽ ማውጫ ያገለግላል። አቅም ካለ ለወጥ ቤት እሱ ይሻላል።

መርሳ ላይም ሆነ ወልድያ፣ ወለል በውሃ በሚታጠብበት ቤት ተራውን ችፑድና ኤምዲኤፍ የሚገድላቸው እግራቸው ሥር የሚቀረው እርጥበት ነው። ውሃ የጠጣ ጠርዝ ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። መድኃኒቱ ዕቃውን በእግር ከወለል ማንሳትና የታችኛውን ጠርዝ ሳይቀር ቀለም መቀባት ነው። ደንበኛው ካልጠየቀ ግን ይህ ሥራ በቀላሉ ይዘለላል፤ ከታች ስለሆነ አይታይማ።