እርሻውን የሚወርስ፣ በቤቱ የሚኖር

በኖርዌይ የጉድብራንድስዳል ሸለቆ ከሊለሃመር ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። በመካከሉ የሎገን ወንዝ ወደ ሚዮሳ ሐይቅ ይወርዳል። የሚታረሰው በወንዙ ዳርና ፀሐይ በሚያገኘው ተዳፋት ላይ ያለው ጠባብ መሬት ነው። ከዚያ በላይ ደን፣ ከደኑም በላይ በበጋ ከብት የሚወጣበት ተራራ አለ። በአገሪቱ የሚታረሰው መሬት 3 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ እርሻ ለወራሽ ሁሉ ቢቆራረስ ለማንም አይበቃም።

ለዚህ ኖርዌጂያውያን ያበጁት መላ ኦደል ይባላል። መሠረቱ ከመካከለኛው ዘመን ይጀምራል፤ እ.ኤ.አ. በ1814 የወጣው ሕገ መንግሥትም እንዳይሻር ከልክሏል። በኦደል እርሻው ሳይከፈል ለአንድ ልጅ ያልፋል፤ ቅድሚያው የበኩር ነው። ወንድምና እህት ድርሻቸውን በገንዘብ ይቀበላሉ። አሮጊትና ሽማግሌ ወላጆች በዚያው ግቢ ወዳለች አነስተኛ ቤት ይዛወራሉ፤ ወራሹም ይጦራቸዋል። እርሻው ለባዕድ ቢሸጥ እንኳ ባለ መብቱ በ6 ወር ውስጥ ዋጋውን ከፍሎ ማስመለስ ይችላል። ድሮ ታናሽ ወንድም ታላቅ እህቱን ይቀድም ነበር፤ የ1974ቱ ሕግ ግን ሴትና ወንድን እኩል አደረገ።

እርሻው ሙሉ ሆኖ የቆየው ግን በሌሎች ኪሳራ ነው። መሬት ያልደረሰው በሰው እርሻ ጠርዝ ጎጆ ቀልሶ፣ ኪራዩን በጉልበቱ እየከፈለ ይኖር ነበር። ከ1825 ወዲህ በአንድ መቶ ዓመት ገደማ ከ800,000 በላይ ኖርዌጂያውያን ወደ አሜሪካ ሲፈልሱ፣ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ የገጠር ሰዎች ነበሩ።

ዛሬ ችግሩ ተገልብጧል። ወራሽ አለ፤ ነዋሪ ግን ይጠፋል። በመሆኑም ሕጉ እርሻ የተረከበ ሰው በ1 ዓመት ውስጥ ገብቶ 5 ዓመት እንዲኖርበት ያስገድዳል። መሬቱም ጦም ማደር የለበትም፤ ባለቤቱ ካላረሰው ቢያንስ ለ10 ዓመት ያከራየዋል። ስለዚህ ከ5 ዓመቱ በኋላ ማሳው በጎረቤት ትራክተር ታርሶ ቤቱ ግን ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል።

የሕጉ ደጋፊዎች ግዴታው ቢነሣ ባለ ገንዘብ ከተሜዎች እርሻውን የመዝናኛ ቤት ያደርጉታል ይላሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ በባለቤት ነፃነት ላይ የተጫነ ቀንበር ነው፤ ከገበሬ ያልተወለደ ወጣትም መግቢያ ያጣል ባዮች ናቸው። በ2014 ኦደል የሚጸናበት ዝቅተኛ የእርሻ መሬት ስፋት ከ2.5 ወደ 3.5 ሄክታር ከፍ በማለቱ ብዙ ትንንሽ እርሻዎች ከመብቱ ወጥተዋል።

ሁለቱም ወገኖች ስለ ባለቤትነት ሲከራከሩ፣ የወራሹ ሒሳብ በረቱ ውስጥ ነው ያለው። ላሞች ታስረው መኖራቸው ቀርቶ በበረቱ እንደ ልብ እንዲንቀሳቀሱ የሚያዘው ደንብ ከ2024 ወደ 2034 ተገፍቷል። ጥቂት ላም ላለው ሰው አዲስ በረት መሥራት ከባድ ዕዳ ነው። ሕጉ ወራሹን 5 ዓመት ቤቱ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ በ6ኛው ዓመት መቆየት አለመቆየቱን የሚወስነው ግን የወተቱ ገቢ ነው።