ነዳጅ ሲፈስ ለተፈጥሮ ካሳ ይከፈላል፤ ጋዝ ሲያመልጥስ?

መቀመጫውን በቴክሳሷ ፕሌኖ ከተማ አድርጎ የነበረው ዴንበሪ ኩባንያ በሚሲሲፒ ግዛት የዘረጋው ቧንቧ፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በየካቲት 2020 ሳታርሺያ በተባለች መንደር አቅራቢያ ፈነዳ። መንስኤው ከባድ ዝናብ ያስከተለው የመሬት መንሸራተት ነበር። 200 ገደማ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ሲወጡ፣ 45ቱ የሕክምና እርዳታ ፈልገው ሆስፒታል ሄደዋል።

ያመለጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኩባንያው ጋዙን የሚጠቀምበት ያረጁ ጉድጓዶች ውስጥ የቀረውን ድፍድፍ ነዳጅ ገፍቶ ለማውጣት ነበር።

ድፍድፉ ራሱ ወንዝ ውስጥ ፈስሶ ቢሆን ኖሮ የ1990ው የነዳጅ ብክለት ሕግ ተፈጻሚ ይሆን ነበር። ሕጉ የወጣው ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ በ1989 የአላስካን ባሕር ከበከለች በኋላ ነው። በሕጉ መሠረት የመንግሥት ባለአደራ ተቋማት ስንት ዓሣና ወፍ እንደሞተ፣ ረግረጉ ለማገገም ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት፣ ሕዝቡም ለምን ያህል ጊዜ ዓሣ ከማጥመድ እንደተገታ ያሰላሉ። ካሳው የሚውለውም የተጎዳውን ተፈጥሮ መልሶ ለማቋቋም ነው።

ጋዙ ግን በዚህ ሕግ አይሸፈንም። የፌደራሉ የቧንቧ ደኅንነት ተቆጣጣሪ በ2023 ዴንበሪን ከ2.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀጥቶታል፤ ገንዘቡ ግን የሚገባው ወደ ሳታርሺያ ጫካ ሳይሆን ወደ መንግሥት ካዝና ነው።

በዚያው ዓመት ዴንበሪን የገዛው ኤክሰንሞቢል ነው፤ የቫልዴዝ ባለቤት የነበረው ኩባንያ።