የሳጉሬ ጉም፣ የፌልፕስ ጣት እና ፍላሽ

ከአሰላ ተነስቶ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ የሚነዳ ሾፌር ጉም ሲወርድ ረጅም መብራት አያበራም። ካበራ አለቀለት! ብርሃኑ በጉሙ ጠብታዎች ላይ እየነጠረ ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ ፊት ለፊቱ ነጭ ግድግዳ ይቆማል። የጉም መብራት ከመኪናው ሥር ዝቅ ብሎ፣ ከሾፌሩ ዓይን ርቆ የሚገጠመው ለዚህ ነው። ውሃ ውስጥ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎችም ራስ ምታታቸው ይኸው ነው።

ውሃ የቱንም ያህል የጠራ ቢመስል ደቃቅ ነገር አያጣውም። ካሜራው ላይ የተገጠመው ትንሹ ፍላሽ ከሌንሱ አጠገብ ስለሚበርቅ መጀመሪያ የሚያበራው ይህንኑ ብናኝ ነው። ፎቶው ሲወጣ በረዶ የጣለበት ይመስላል። መፍትሔው ፍላሹን ከካሜራው ማላቀቅ ነው። ባለሙያዎች ውሃ በማያስገባ ሽፋን የታሸገ ፍላሽ፣ ብዙ ጊዜም ሁለት፣ በረጃጅም ክንዶች ግራና ቀኝ ዘርግተው ብርሃኑን ከጎን ይለቃሉ። በጎን የገባው ብርሃን ዋናተኛውን ወይም ዓሣውን ሲያበራ በሌንሱና በእሱ መካከል ያለው ብናኝ ግን ጨለማ ውስጥ ይቀራል።

ሌላው ጣጣ ቀለም ነው። ውሃ ከሁሉም በፊት የሚውጠው ቀይን ነው። የማንቼን ወይም የአርሴን ማሊያ ለብሶ 10 ሜትር የጠለቀ ደጋፊ ማሊያው ጠቁሮ ያገኘዋል (የቼልሲ ደጋፊ እዚህ ጋ ፈገግ ይበል)። ቀዩን የሚመልሰው ፍላሽ ነው፣ እሱም በቅርብ ርቀት። ብርሃኑ ሄዶ መመለስ ስላለበት ከ1 ሜትር ተኩል ካለፈ ጉልበቱ ይከዳዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1926 ሎንግሌይ እና ማርቲን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ፍሎሪዳ ውስጥ የመጀመሪያውን ባለቀለም የውሃ ውስጥ ፎቶ ሲያነሱ፣ ፍላሻቸው በታንኳ ላይ የተጫነ የማግኒዚየም ዱቄት ነበር። ካሜራው ታች ሲነሳ ዱቄቱ ላይ ይፈነዳል። ከካሜራው የራቀ ፍላሽ ማለት ይህ ነው!

ለስፖርቱ ምን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ቢራቢሮ ዋና ፍጻሜን ማስታወስ ይበቃል። አሜሪካዊው ማይክል ፌልፕስ 50.58፣ ሰርቢያዊው ሚሎራድ ቻቪች 50.59። ከላይ ላየው ሰው ቻቪች የቀደመ ይመስል ነበር። ሰርቢያ አቤት አለች፣ ምስሎቹ ሲታዩ ግን ግድግዳውን መጀመሪያ በደንብ የተጫነው የፌልፕስ እጅ ሆኖ ተገኘ። ስፖርትስ ኢላስትሬትድ የተባለው መጽሔት ፎቶ አንሺ ሄይንዝ ክሉትማየርም ገንዳው ወለል ላይ ባስቀመጠው ካሜራ ያንኑ ቅጽበት ከሥር ይዞታል። ኳስ አፍቃሪው እ.ኤ.አ በ2010 የላምፓርድ ኳስ መስመሩን አልፋ ዳኛው «ጎል አይደለም» ያሉበትን ቀን ያስታውሳል። ዋና ላይ ግን ካሜራው ቀድሞ ቦታውን ይዞ ነበር።

ልብ በሉ፣ ቤጂንግ ላይ ፍላሽ አላስፈለገም። ገንዳው የጠራ፣ ጣሪያው በፓውዛ የተሞላ ነው። መነሻ ላይ ደግሞ ፍላሽ ማብረቅ ክልክል ነው፣ የማስጀመሪያው መሣሪያ ራሱ ከድምፅ ጋር የብርሃን ብልጭታ ስለሚሰጥ። ከጎን የሚበራው ፍላሽ የግድ የሚሆነው ፓውዛ በሌለበት ነው፦ ባሕር ላይ፣ ሐይቅ ላይ፣ ወንዝ ላይ። የሳጉሬን አካባቢ ውሃ ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚያወርደው ከታር ግን በክረምት አፈር ይዞ ሲደፈርስ ሁለትም ሆነ አራት ፍላሽ አያድነውም። በጋውን መጠበቅ ነው።

የአርሲ ልጆች ሲሮጡ ዓለም ያላነሳው ፎቶ የለም፤ ኃይሌ፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ። ዋና ላይ ነው ጉዱ። እ.ኤ.አ በ2016 ሪዮ ላይ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነጻ ዋናን በ1 ደቂቃ ከ04.95 ሰከንድ ጨርሶ ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ ሲወጣ፣ ዓለምን የዞረው ፎቶ የሆዱ ነበር። «አሳ ነባሪው» ተባለ፣ ተሳቀበት። ያ ፎቶ ከውሃ ውጪ የተነሳ ነው። ክንዱ ውሃውን እንዴት እንደያዘ፣ እግሩ የት ላይ እንደደከመ፣ ለአሠልጣኝ የሚጠቅመው ሁሉ ከሥር ነበር።