የመነጽር ፍሬም ዋጋው በስሙ ነው ወይስ በተሠራበት ዕቃ?

መነጽር ለማሠራት የሚገባ ደንበኛ ሐኪም የጻፈለትን ሌንስ ያለክርክር ተቀብሎ በፍሬሙ ዋጋ ላይ ይከራከራል። ክርክሩ ግን ብዙውን ጊዜ በቀለሙ፣ በቅርጹና በጎኑ በተጻፈው ስም ላይ ነው። ፍሬሙ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። ዕድሜውን፣ ጥገናውንና ለቆዳ መስማማቱን የሚወስነው ግን ይኸው ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ ሸማቹን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአገራችን ገበያ የሚሸጠው ፍሬም በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በመሆኑም ደንበኛ በሚመልሰው ፍሬም ላይ የሚታሰረው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

በአንድ ስም ሦስት ዕቃ

በፍሬም ገበያ ዋጋ ከሚያስጨምሩት ቃላት ግንባር ቀደሙ «ታይታኒየም» ነው። ያለምክንያት አይደለም። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ታይታኒየም 4.5 ግራም ገደማ ሲመዝን ተመሳሳይ መጠን ያለው የማይዝግ ብረት 8 ግራም ገደማ ይመዝናል። ላብ አያዝገውም፤ ቆዳንም እምብዛም አያስቆጣም። በዚህ ሥራ ስሟ የሚጠራው በጃፓን ፉኩይ ግዛት የምትገኘው ሳባኤ ከተማ ናት። በዚያ አካባቢ የመነጽር ሥራ የተጀመረው በ1905 (እ.ኤ.አ.) በረዶ እርሻ በሚያስፈታበት ወቅት ገበሬዎች ገቢ እንዲያገኙ ታስቦ ነበር። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የታይታኒየም ፍሬም ለዓለም ገበያ አቅርባለች።

ችግሩ በዚህ አንድ ስም ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች መሸጣቸው ነው። የመጀመሪያው ንጹሕ ታይታኒየም ነው። ሁለተኛው እንደ ቫናዲየም ያሉ ማዕድናት የተቀላቀሉበትና ሳይሰበር የሚለመጠው «ቤታ ታይታኒየም» ነው። ሦስተኛው ቢያጣምሙት ወደ ቅርጹ የሚመለሰው «ሜሞሪ» የሚባለው ነው። የዚህ የሦስተኛው ክብደት ግማሽ ያህሉ ኒኬል ነው። ቆዳው ኒኬል የማይስማማው ደንበኛ «ታይታኒየም ነው» ተብሎ ይህን ቢገዛ ቅሬታ ይዞ መመለሱ አይቀርም።

ኒኬል ቆዳን ከሚያስቆጡ ብረቶች ዋነኛው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1994 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ቆዳን ለረዥም ጊዜ የሚነካ ዕቃ በሳምንት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ ገደብ አስቀምጧል።

በርካሽ ዋጋ የሚሸጠው የብረት ፍሬም ብዙውን ጊዜ «ሞኔል» ነው። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ኒኬል ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። በቀላሉ ስለሚታጠፍና ስለሚበየድ ፋብሪካዎች ይወዱታል። ላዩ በቀለም ወይም በወርቅ ቅብ ስለሚሸፈን ሲገዙት ያምራል። ቅቡ ላብ በሚያገኘው በአፍንጫና በጆሮ በኩል ሲለቅ ግን ብረቱ ይወይባል፣ ቆዳም ማሳከክ ይጀምራል።

ስቴንለስ ወይም የማይዝግ ብረት መካከለኛውን ስፍራ ይይዛል። አብዛኛው ዓይነት ኒኬል ቢኖርበትም አጥብቆ ስለሚይዘው የሚለቀው ጥቂት ነው። ዋጋው ከታይታኒየም ስለሚያንስ ብዙ ገዢዎችን የሚያረካው ይኸው ነው።

ፕላስቲኩም አንድ አይደለም

«ፕላስቲክ» ተብሎ ከሚጠቃለለው ውስጥ አሴቴት ከጥጥና ከእንጨት ከሚገኝ ሴሉሎስ ይሠራል። ከሉህ ተቆርጦ ይወለወላል። ቀለሙ ከውስጥ ስለሆነ እንደ ቅብ አይላጥም፤ ቢጫር እንደገና ይወለወላል። በሙቀት ሲለሰልስ በገዢው ፊት ልክ ይስተካከላል። ይሁንና በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተተወ ይጣመማል።

ቲአር-90 የሚባለው የናይሎን ዓይነት ግን በሻጋታ የሚሠራ ነው። ቀላልና ተለማጭ በመሆኑ ለልጅና ለስፖርተኛ ይመቻል። በሙቀት ለማስተካከል ግን ያስቸግራል፤ ከተሰበረም ጥገናው አያስተማምንም።

የሌንሱ ዓይነትም ምርጫውን ይወስናል። ለቅርብ እይታ ብቻ የሚያየው ሰው የሚያደርገው ከፍተኛ ቁጥር ያለው ሌንስ ጠርዙ ወፍራም ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ አነስ ያለና ጠርዘ ወፍራም የአሴቴት ፍሬም የሌንሱን ውፍረት ይሸፍንለታል።

ከመክፈል በፊት

ፍሬሙን በእጅ መዝኖ ማየት የመጀመሪያው ፈተና ነው። ሁለተኛው ማግኔት ነው። የፍሬሙን አካል ከሳበው ታይታኒየም አይደለም። ካልሳበው ግን የግድ ታይታኒየም ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙ የስቴንለስ ዓይነቶችም በማግኔት አይሳቡም። ብሎንና ማጠፊያ ከሌላ ብረት ሊሠሩ ስለሚችሉ በእነሱ መፈተን ያሳስታል።

ጆሮ ላይ በሚያርፈው ዘንግ ውስጠኛ ገጽ የሚታዩት እንደ 52፣ 18 እና 140 ያሉ ቁጥሮች የሌንሱ ወርድ፣ የአፍንጫው ድልድይና የዘንጉ ርዝመት በሚሊ ሜትር ናቸው። የልክ ቁጥሮች እንጂ የጥራት ማረጋገጫ አይደሉም። የታወቀ ስምም እንዲሁ ነው። ከታዋቂ የልብስ ፋሽን ቤቶች ብዙዎቹ መነጽር ራሳቸው አይሠሩም፤ ስማቸውን በፈቃድ ለመነጽር አምራቾች ይሰጣሉ።

የጥገናውንም ነገር አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ሞኔል ቢሰበር በተራ ብየዳ ይያያዛል። ታይታኒየም ግን ሲግል ከአየር ጋር ስለሚዋሃድ በአርጎን ጋዝ ወይም በሌዘር ካልሆነ በደንብ አይበየድም። ስለዚህ ታይታኒየም የሚያስመጣ ነጋዴ መለዋወጫ ዘንግና ማጠፊያ አብሮ ቢያዝዝ ያዋጣዋል።

ጅምላ ገዢውም «ታይታኒየም» በምትል አንዲት ቃል የተጻፈ ደረሰኝ መቀበል የለበትም። የፊቱ፣ የዘንጉና የማጠፊያው ብረት ለየብቻ ይጻፍለት። ፊቱ ታይታኒየም ሆኖ ዘንጉ ሌላ ብረት የሆነ ፍሬም አለና። ለደንበኛውም ያንኑ መንገር ይጠቅማል፤ ከምን እንደተሠራ አውቆ ርካሹን የመረጠ ደንበኛ ቅቡ ሲለቅ ነጋዴውን አይወቅስም፤ ውዱን ገዝቶ የተታለለ ግን ሁለተኛ አይመለስም።