በቦይ ውስጥ የሚፈተኑ ቃላት፦ ስለ ውኃና ፍሳሽ መስመር ዝርጋታ የሙያ ስያሜዎች

የውኃና የፍሳሽ መስመር መዘርጋትን ሙያው ለማድረግ የሚነሣ ሰው፣ ትምህርቱን በአብዛኛው የሚቀስመው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሥራው ቦታ ነው። በመጀመሪያ ዶማና አካፋ ይዞ ይቆፍራል፤ ቀጥሎ ዕቃ ያቀብላል፤ አሸዋና ጠጠር ያነጥፋል፤ ውሎ አድሮም መለካትና መገጣጠም ይለምዳል። በዚህ ሁሉ የሚመራው በቃል ትእዛዝ ነው። ስለሆነም ለጀማሪው የማስተማሪያ ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው፣ የመረጠው ቃል በቦዩ ውስጥ ወደ ድርጊት እንደሚለወጥ ሊዘነጋ አይገባውም። ከዚህ በታች አምስት ምሳሌዎችን እንመረምራለን።

1. ቧንቧና ቱቦ። በተራው ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ይነገራል፤ እንዲያውም «ቧንቧ» ስንል የውኃውን መክፈቻ ማለታችንም ይሆናል። በሙያው ግን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የመጠጥ ውኃ በግፊት ስለሚሄድ መስመሩ የመሬቱን አቀማመጥ ተከትሎ ሊወጣም ሊወርድም ይችላል። ፍሳሽ ግን በፓምፕ ካልተገፋ በቀር የሚሄደው በራሱ ክብደት ስለሆነ፣ መስመሩ ሳያቋርጥ ማዘቅዘቅ አለበት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀበሩም ብክለት እንዳይደርስ ይራራቃሉ፤ በሰሜን አሜሪካ በሰፊው የሚሠራበት ርቀት በአግድም 3 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ «የውኃ ቧንቧ» እና «የፍሳሽ ቱቦ» የሚሉት ስያሜዎች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀያየሩ እንዲሠራባቸው እናሳስባለን።

2. ተዳፋት። «ቁልቁለት» የሚለው ቃል በአንባቢው ኅሊና ገደላማ መንገድን ይስላል። ነገር ግን የ1 በመቶ ተዳፋት በእያንዳንዱ ሜትር 1 ሳንቲሜትር ብቻ መውረድ ነው፤ ለዓይን ሜዳ ይመስላል። ስለሆነም «ተዳፋት» የሚለውን እንመርጣለን፤ ሁልጊዜም ከቁጥሩ ጋር ይጻፍ እንላለን።

3. ውስጠ ወለል። እንግሊዝኛው «ኢንቨርት» የሚለው የሙያ ቃል ብዙ ተርጓሚዎችን ያሳስታል፤ ምክንያቱም በተለመደው ፍቺው «መገልበጥ» ማለት ነው። በዚህ ሙያ ግን የተገለበጠ ነገር የለም፤ ቃሉ የሚያመለክተው የቱቦውን የውስጥ ዝቅተኛ ክፍል፣ ፍሳሹ የሚሄድበትን ወለል ነው። «የቱቦው ግርጌ» ብንለውም ስሕተቱ አይቀርም፤ ጀማሪው የቱቦውን የውጭ ሥር ይለካልና። የቱቦው ግድግዳ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ቢኖረው መስመሩ በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ይህም በ1 በመቶ ተዳፋት በ5 ሜትር ርዝመት የሚገኘውን ውረደት ያህል ነው። ከላይ ከሚመጣ ነባር መስመር ጋር ሲገናኝም ፍሳሹ ይታቆራል። «ውስጠ ወለል» ይህን ያስቀራል ብለን እናምናለን።

4. ጎሚቶ። ይህ ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ክርን» ነው፤ የመስመሩን አቅጣጫ ለሚያጥፈው መገጣጠሚያ ይነገራል። «ክርን» ብሎ መተካት የሚያምር ቢመስልም፣ ባለሙያው «ጎሚቶ አቀብለኝ» ሲለው ክርን ብቻ የተማረው ጀማሪ ግራ ይጋባል። በሥራ ላይ የሰፈነውን ቃል ማክበር ይሻላል፤ «ክርን» በመፍቻነት ቢቀርብ ይበቃል።

5. የቦይ ግድግዳ መደገፊያ። ከሁሉ የሚያሳስበን ይህ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.5 ቶንና ከዚያም በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ በተናደ አፈር የተያዘ ሠራተኛ ለመተንፈስ እንኳ ጊዜ አያገኝም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ፣ ቦዩ ሙሉ በሙሉ በጽኑ ዐለት ውስጥ ካልተቆፈረ በቀር፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ያህል ሲደርስ ከመናድ መከላከያ እንዲደረግለት ያዛል፤ የመናድ ምልክት ካለም ከዚያ ባነሰ ጥልቀት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ደንብ «ያለ ድጋፍ ወደ ቦዩ አትግባ» ብለን ብንተረጉም፣ ጀማሪው «ያለ ረዳት አትግባ» ማለት ሊመስለው ይችላል። ባልንጀራውን ጠርቶ፣ ትእዛዙን የፈጸመ መስሎት ይገባል፤ አፈሩ ቢናድ አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው ይቀበራል። «የቦይ ግድግዳ መደገፊያ» ረዘም ቢልም እንጨቱን ወይም ብረቱን በዓይን ያሳያል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንደርስበት መደምደሚያ አጭር ነው። የሙያ ስያሜ ውበቱና እጥረቱ ብቻ አይመዘንም፤ ሰሚው ምን እንዲያደርግ እንደሚያዝዘው ጭምር መታየት አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል መዝገበ ቃላት ከመግባቱ በፊት ለአንድ ነባር ባለሙያና ለአንድ ጀማሪ ይነበብላቸው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ድርጊት ከተረዱ ቃሉ ለመዝገቡ በቅቷል።