ያውቁ ኖሯል? የጭነት መኪና በስንዝር ልክ

▪ የአርሲን ስንዴና ገብስ ጭኖ በአርቦዬ የሚያልፍ 6 ሜትር የሚረዝም አይሱዙ በ1፡24 ልኬት (24 ጊዜ አንሶ) ሞዴል ሆኖ ቢሠራ ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል።

▪ የፕላስቲክ ሞዴል በፋብሪካ የሚወጣው ከብረት ቅርጽ ማውጫ ነው። ቅርጽ ማውጫው ውድ ስለሆነ በሺዎች ካልተሸጠ አያዋጣም። ሬዚን ከተባለ ፈስሶ ከሚጠነክር ፈሳሽ የሚሠራ ሞዴል ግን ከሲሊኮን ጎማ በተሠራ ቅርጽ ማውጫ ይወጣል፤ አንድ ባለሙያ ቤቱ ሊያዘጋጀው ይችላል። ሲሊኮኑ ግን ጥቂት ደርዘን ሞዴል ካወጣ በኋላ ያረጃል። ትልልቅ ፋብሪካዎች የዘነጓቸው መኪኖች በአብዛኛው በሬዚን የሚገኙት ቅርጽ ማውጫው በቤት ሊዘጋጅ ስለሚችል ነው።

▪ የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ያያይዛል፤ ሬዚንን ግን አይይዘውም። የሚይዘው ሱፐር ግሉ ወይም ኢፖክሲ ነው።

▪ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የሬዚን ሞዴሉ ክፍሎች በሳሙና ውኃ ይታጠባሉ፤ ከቅርጽ ማውጫው የመጣው ቅባት ካልለቀቀ ቀለሙ ይላጣል።

▪ የተጣመመ የሬዚን ሻንሲ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነከር ይለሰልሳል፤ አቃንተው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲከቱት እንደተቃና ይቀራል።

▪ የሬዚን ብናኝ ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ በውኃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱ፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም ያድርጉ።

▪ ከሽቦ፣ ከቆርቆሮና ከቆርኪ መኪና የሚሠሩ የአገራችን ልጆች የዚህ ጥበብ ዋና ችሎታ አላቸው፦ እውነተኛውን መኪና አስተውሎ ማየትና መጠኑን ጠብቆ ማሳነስ። ሊበረታቱ ይገባል!